የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ፍጥነት ሲቆጣጠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዘይት ግፊት የሚሠራ (ሃይድሮሊክ) ሲሊንደር ቀሰስ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ዘይቱን ወደ ታንክ ወደሚመልሰው ሪሊፍ ቫልቭ ነው። ብሎኑን ያጠብቅና ግፊት ይጨምራል። ሪሊፉ ቀድሞውኑ ዘይት እያፈሰሰ ካልነበረ በቀር ፍጥነቱ ንቅንቅ አይልም። ግፊት ጉልበት ነው፤ ፍጥነት የሚመጣው ከዘይቱ ፍሰት ነው። የውስጥ ዲያሜትሩ 100 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር በደቂቃ 20 ሊትር ከገባለት ፒስተኑ በሰከንድ 42 ሚሊሜትር ያህል ይወጣል። ጭነቱን መግፋት እስከቻለ ድረስ 100 ባር ሆነ 150 ባር ያው ነው።

ቀጣዩ ስህተት ሰው ይጎዳል። ጭነቱ ወዴት እንደሚስብ ሳያዩ ማነቂያ ቫልቩን (የዘይቱን መንገድ አጥብቦ ፍሰቱን የሚቀንሰውን) የሲሊንደሩ መግቢያ ላይ መግጠም ነው። ጭነቱ ፒስተኑን የሚቃወም ከሆነ ችግር የለውም። ወደ ታች የሚወርድ ክብደት ሲሆን ግን መግቢያውን የቱንም ያህል ቢያጠቡት ጭነቱ ይምዘገዘጋል። ዘይቱ ከኋላ ስለማይደርስለት ሲሊንደሩ ውስጥ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። እንዲህ ያለውን ጭነት የሚይዘው መውጫው ላይ የተገጠመ ማነቂያ ነው። ክብደቱ ተንጠልጥሎ መቆም ካለበት ደግሞ ካውንተር ባላንስ ቫልቭ፣ ማለትም ጭነቱ በራሱ እንዳይወርድ ዘይቱን ይዞ የሚያቆም ቫልቭ፣ ያስፈልጋል።

መውጫው ላይ አደረግኩ ብሎ እፎይ ማለትም አይቻልም። በዘንጉ (ከፒስተኑ ጋር ተያይዞ ወደ ውጭ በሚወጣው ብረት) በኩል ያለው የፒስተን ስፋት የሌላኛው ግማሽ ነው እንበል። ከወዲያ 200 ባር ሲገፋ፣ በዘንጉ በኩል የታነቀው ዘይት ያለ ምንም ጭነት እንኳ ወደ 400 ባር ይጠጋል። ጭነቱ አብሮ ከጎተተ ከዚያም ያልፋል። ፓምፑ ጋ የተቀመጠው ሪሊፍ ይህን ጉድ አያይም። ለ250 ባር የተሠራ ቱቦ እዚያ ከተገጠመ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ በዘንጉ በኩል የግፊት መለኪያ ጌጅ ገጥመው ይለኩ፤ የፓምፑን ጌጅ ብቻ ማየት ያታልላል።

ማነቂያ ቫልቩን ገልብጦ መግጠምም የተለመደ ስህተት ነው። ውስጡ ያለው ቼክ ቫልቭ በነፃ የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፣ አካሉ ላይ ያለውን ምልክት ሳያዩ አይሰሩ።

ጠዋት የተስተካከለ ፍጥነት ከሰዓት ከተቀየረ ደግሞ ብሎኑን ደጋግሞ መነካካት ድካም ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ጭነት ሲለዋወጥም በተራ ማነቂያ የሚያልፈው ፍሰት ይለዋወጣል። ጭነቱ የማይረጋ ከሆነ ግፊት የሚያካክስ ቫልቭ (ግፊቱ ቢለዋወጥም ፍሰቱን እኩል የሚያደርግ) ይግዙ።

በመጨረሻ፣ ትልቅ ፓምፕ ገጥሞ ቀኑን ሙሉ ማነቅ። በደቂቃ 30 ሊትር በ200 ባር በሪሊፉ ከተመለሰ 10 ኪሎዋት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይሄኔ ሰው ማቀዝቀዣ ሊገዛ ይነሳል፤ አነስ ያለ ፓምፕ ወይም ፍሰቱን ራሱ የሚቀንስ ፓምፕ ቢገጥም ግን ማቀዝቀዣው ላያስፈልገው ይችላል።