ለሱሺ የሚያቃጥል ማዮኔዝ፦ ቤት ውስጥ ስንሠራው ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሱሺ፣ ማለትም በኮምጣጤ የታሸ ሩዝ ከዓሣ ወይም ከአትክልት ጋር የሚጠቀለልበትን የጃፓን ምግብ፣ የበላ ሰው ያቺን ብርቱካንማ ሶስ ያውቃታል። ጥቅሉ ላይ በቀጭኑ ተንጠባጥባ የምትመጣዋን። የጃፓን የጥንት ሱሺ ውስጥ የለችም። ስሟ የገነነው አሜሪካ ነው፤ በ1980ዎቹ የሚያቃጥል የቱና ጥቅል ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲለመድ አብራ ተለመደች።

መሠረቷ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ማዮኔዝና ስሪራቻ የሚባለው የቀይ ቃሪያ ሶስ። እኔ የምነሳበት ልክ ይሄ ነው። ግማሽ ኩባያ ማዮኔዝ፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ስሪራቻ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ ዘይት። በቃ። ከዚህ በኋላ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ስንጨምር ነው።

ያገኘነውን ማዮኔዝ መጠቀም

ሶሱ ከሦስት አራተኛ በላይ ማዮኔዝ ነው። ስለዚህ ማዮኔዙ ካልጣፈጠ ስሪራቻው አያድነውም።

ሱሺ ቤቶች የሚወዱት የጃፓኑን ኪውፒ ነው። ከ1925 ጀምሮ የሚሸጥ ነው። ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ይመጣል፤ ማሸጊያው ላይ የሕፃን አሻንጉሊት ሥዕል አለው። ልዩነቱ በእንቁላሉ ይጀምራል። ሙሉ እንቁላል ሳይሆን አስኳል ብቻ ነው የሚገባበት። ለዚህ ነው ቀለሙ ቢጫ የሚለው፣ ምላስ ላይም ወፈር የሚለው። ጃፓን የሚሠራው ላይ ምግብን የሚያጣፍጠው ሞኖሶዲየም ግሉታሜት አለበት። ያ “ምን ጨመሩበት?” የሚያስብለው ጣዕም ትልቁ ምንጩ እሱ ነው።

ኪውፒ ካላገኛችሁ አትቸገሩ። ተራውን ማዮኔዝ ውሰዱና ለግማሽ ኩባያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሩዝ ኮምጣጤና አንድ ቁንጥር ስኳር ጨምሩበት። ያኔ ሎሚውን ተዉት። ሲገዙ ግን ጀርባውን ማንበብ ያስፈልጋል። መደርደሪያ ላይ ከማዮኔዝ ጎን የሚቀመጡ፣ ነጭ ሆነው የሚመሳሰሉ የሰላጣ ማጣፈጫዎች አሉ። ብዙዎቹ ስታርችና ስኳር የበዛባቸው ናቸው። በእነሱ ከሠራችሁት ሶሱ ጣፋጭ ብቻ ይሆናል። “ላይት” የሚባሉትም ዘይታቸው ስለተቀነሰ ስሪራቻ ሲገባባቸው ቶሎ ይቀጥናሉ።

ስሪራቻ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ስሙ የመጣው ታይላንድ ውስጥ ባሕር ዳር ካለች ሲ ራቻ ከምትባል ከተማ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ባለ ዶሮው፣ አረንጓዴ ክዳን ያለው ጠርሙስ ግን የካሊፎርኒያ ነው። ከቬትናም የተሰደደው ዴቪድ ትራን በ1980 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በመሠረተው ድርጅት ነው የሚመረተው። ባለ ዶሮው ሃላፔኞ በሚባል ቀይ ቃሪያ ነው የሚሠራው፤ ወፈር፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። የታይላንዶቹ በአብዛኛው ቀጠን ያሉና ጣፋጭ ናቸው። በ2022 የባለ ዶሮው ምርት በቃሪያ እጥረት ተቋርጦ ስለነበር ሰው ወደ ሌሎች ዞረ። አሁን ገበያው ላይ ብዙ ዓይነት አለ።

ስለዚህ የአንዱ ሰው “ሁለት ማንኪያ” የሌላው ሁለት ማንኪያ አይደለም። አዲስ ጠርሙስ ስትከፍቱ መጀመሪያ ስሪራቻውን ለብቻው በጣት ጫፍ ቅመሱት።

ስትቀምሱት የምታገኙት ሌላም ነገር አለ። ስኳር፣ ጨው፣ ኮምጣጤና ነጭ ሽንኩርት ሁሉም ውስጡ አሉ። የሱሺ ሩዙም ራሱ በኮምጣጤ፣ በስኳርና በጨው የታሸ ነው። ታዲያ ሶሱ ላይ እንደገና ነጭ ሽንኩርት መክተፍ ለምን? ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ውሎ ሲያድር ይበረታል፤ በማግሥቱ ዓሣውም አቮካዶውም አይቀመስም።

ወዲያው ቀምሶ “አላቃጠለም” ማለት

ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው ይሄን ነው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር የሚሟሟው በስብ ውስጥ ነው። ማዮኔዝ ደግሞ አብዛኛው ዘይት ነው። ዘይቱ ማቃጠሉን ይይዘዋል፣ ያለዝበዋል። መጀመሪያ ስንቀምሰው ለስላሳ ነው፤ ቆየት ብሎ ከጉሮሮ አካባቢ ይነሳል። እኛ ደግሞ እስኪነሳ አንጠብቅም።

ለእህቴ ልደት መጀመሪያ ስሠራው የሆነው እንደዚህ ነው። ቀመስኩ፣ ጨመርኩ፤ ቀመስኩ፣ ጨመርኩ። ደረቅ የቃሪያ ዱቄትም አከልኩበት። ማዕድ ሲቀርብ አንድ ሰዓት አልፎት ነበር። ዱቄቱ ርሶ፣ ማቃጠሉ ወጥቶ፣ እንግዶቹ ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ ውሃ ውሃ አሉ። ግማሽ ቀን የለፋሁበትን ሱሺ ማንም ጣዕሙን አላወቀውም። አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ ቀላቅዬ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳላስቀምጥ ሁለተኛ ማንኪያ አልጨምርም።

ሲቀመስም በባዶ ማንኪያ አይደለም። ትንሽ ሩዝ፣ አንድ ቁራጭ ኪያር፣ ከላዩ ጠብታ ሶስ። የምትበሉት እንደዚያ ስለሆነ የምትቀምሱትም እንደዚያ ይሁን። ለብቻው ሲቀመስ ትንሽ ጠንከር ያለ የመሰለው ሩዝ ላይ ልክ ይመጣል።

ሎሚ እያንጠፈጠፉ ማቅጠን

ወፈረብን ብለን ሎሚ እንጨምቅበታለን። አንድ የሻይ ማንኪያ ጣዕሙን ያነቃዋል፤ ሦስት ግን ውሃ ያደርገዋል። የቀጠነ ሶስ ጥቅሉ ላይ አይቆምም። ወደ ሩዙ ይሰርጋል፣ ኖሪውን ማለትም የባሕር ቅጠሉን ያረጥበዋል፣ ሲቆረጥም ይፈርሳል። ማንኪያ ገልብጣችሁ ስትይዙት ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ልኩ ነው። በጣም ከወፈረ ውሃ በግማሽ የሻይ ማንኪያ እያደረጋችሁ ጨምሩ። ከቀጠነ ደግሞ መፍትሔው ማዮኔዝ ብቻ ነው፤ ዱቄት ወይም ስታርች አታስቡ።

የሰሊጥ ዘይት ላይ እጅ ማብዛት

የሚፈለገው ከተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀው፣ ቡናማው ነው። አገር ቤት ከዘይት ጨማቂ የምንገዛው ፈዛዛ የሰሊጥ ዘይት ለወጥ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ያን የቆሎ ሽታ አይሰጥም። ቡናማው ደግሞ ኃይለኛ ነው። ሩብ የሻይ ማንኪያ ካለፈ የምትቀምሱት ሰሊጥ ብቻ ነው።

ስሪራቻ ጠፍቶ በርበሬ ማድረግ

ይሄ የእኛ ቤት ጥያቄ ስለሆነ ቆም ልበልበት። በርበሬያችን በጥሬው እንዲበላ ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። ቁሌት ላይ በዘይት ሲበስል ነው ውስጡ ያለው ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና በሶብላ የሚዋሃደው። ማዮኔዝ ውስጥ ሲገባ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ቅመሙም ከኖሪው ጋር ይጣላል። አዋዜም እንደዚያው ነው።

ሚጥሚጣ ይሻላል። ለግማሽ ኩባያ ማዮኔዝ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ከትንሽ ኮምጣጤና ከአንድ ቁንጥር ስኳር ጋር። ኮረሪማው ስለሚሸት የሱሺ ቤቱን ጣዕም አትጠብቁ፤ ሌላ ጥሩ ሶስ ነው። ጨው ግን አትጨምሩ፣ ሚጥሚጣው ውስጥ አለ።

እኔ ከሁሉ የምመርጠው ግን የበሰለ ቀይ ቃሪያ ነው። 100 ግራም ቀይ ቃሪያ ፍሬውን አውጡለት። ከአንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ፍጩት። ቀስ ባለ እሳት አምስት ደቂቃ አፍሉት፣ አጥልሉት። ከማዮኔዙ ጋር የሚቀላቀለው ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው። በትኩሱ ከገባ ማዮኔዙ ዘይቱን ይተፋል።

ማዮኔዙን ራሳችን ስንሠራ መቸኮል

ለአንድ አስኳል አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚና 180 ሚሊ ሊትር የሱፍ ዘይት። ዘይቱ መጀመሪያ ላይ በጠብታ ነው የሚገባው። አስኳሉ ውስጥ ያለው ሌሲቲን ዘይቱንና ውሃውን ያስታርቃል፤ ዘይቱ በአንዴ ከፈሰሰበት ግን አቅም ያጣል፣ ይለያያል። ከተለያየ አትድፉት። ንጹሕ ሳህን ላይ አዲስ አስኳል አድርጉና የተለያየውን በጠብታ እየመለሳችሁ ምቱት፤ ይያዛል።

ጥሩውን የወይራ ዘይት ብሌንደር ውስጥ አትምቱት፤ ይመራል። እንቁላሉ ጥሬ መሆኑንም አትርሱ። ነፍሰ ጡር፣ ትንሽ ልጅ ወይም አዛውንት ካለ የሱቁን ተጠቀሙ፤ በአብዛኛው ጀርሙ በሙቀት በተገደለ እንቁላል ነው የሚሠራው።

በጾም ደግሞ የአኩሪ አተር ወተት ይሠራል። ግማሽ ኩባያ ወተት፣ አንድ ኩባያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ፣ በእጅ ብሌንደር። የሰው ሁሉ ስህተት ጣፋጩን ወተት ማንሳት ነው። ስኳር የሌለበት መሆኑን ጠርሙሱ ላይ እዩ። ከአቮካዶና ከኪያር ጥቅል ጋር እንቁላል መጉደሉ አይታወቅም።

ጠረጴዛ ላይ ማስረሳት

ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ ከቆየ አይበላ። ሙቀት ያለበት አገር ከሆናችሁ ከዚያም አሳጥሩት። በሱቅ ማዮኔዝ የተሠራው በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ በጥሬ እንቁላል የተሠራው ሁለት ወይም ሦስት ቀን። ፍሪዘር ውስጥ አይገባም፤ ሲቀልጥ ይለያያል።

ማቃጠሉ ጥሬውን ዓሣ ያክመዋል ብሎ ማመን

“ሚጥሚጣ ካለበት ምንም አይልም” የሚለውን አባባል ክትፎ ላይ ሰምተነዋል። ዓሣ ላይም ሰዎች ይደግሙታል። ቃሪያም ሎሚም ጥገኛ ትል አይገድሉም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመሪያ ጥሬ የሚበላ ዓሣ ቢያንስ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ7 ቀን እንዲቆይ ይላል። ብዙ የቤት ፍሪዘር እዚያ አይደርስም። ይህም ቢሆን ለትል ነው፤ ባክቴሪያን ማቀዝቀዝ አይገድለውም። ጥሬ ለመብላት የተዘጋጀ ዓሣ ከሚታመን ሻጭ ካላገኛችሁ የተቀቀለ ሽሪምፕ፣ የጣሳ ቱና ወይም የክራብ ስቲክ ውሰዱ። በእውነት ሶሱ ከእነሱ ጋር ይበልጥ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። ለአንድ ጣሳ የተጠነፈፈ ቱና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶስ ይበቃል።

ሱሺውን ማልበስ

ሶሱ የሩዙን ኮምጣጤ እንዲሸፍን አይደለም የተሠራው። ለአንድ ቁራጭ አንድ ትልቅ ጠብታ በቂ ነው። ፌስታል ማዕዘን ላይ ሶሱን አድርጋችሁ ጫፉን በመቀስ ትንሽ ቁረጡት፤ ቀጭን መስመር ይወጣላችኋል። የሚፈስበት ሰዓትም ጥቅሉ ከተቆረጠ በኋላ፣ ሊበላ ሲል ነው። አኩሪ አተር ሶስ አብሮ ከቀረበ በትንሽ ሳህን ይሁን፤ ሁለቱም ጨው አላቸው። ለልጆች ስሪራቻው ከመግባቱ በፊት ከማዮኔዙ ሁለት ማንኪያ ለብቻ አስቀሩላቸው።