ላሞች ሳይጸነስላቸው ሲቀር ኮርማውንም ያስመርምሩ
ለሥጋ የሚያረቧቸው ላሞች ከኮርማው ከተለዩ 2 ወር ሲሞላቸው፣ የእንስሳት ሐኪም በፊንጢጣ በኩል በእጁ ዳስሶ እርጉዞቹን እንዲለይልዎ ያድርጉ፤ መኖ ሳይባክን ባዶዎቹን ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለውና። ብዙዎቹ ባዶ ከሆኑ፣ ወይም ከተጠቁ በኋላ በ21 ቀን ገደማ ዳግም ኮርማ የሚፈልጉ ከሆነ፣ ጥፋቱን በላሞቹ ላይ ብቻ አይጣሉ፤ ኮርማው ስላጠቃ ብቻ ዘሩ ጤናማ ነው ማለት አይደለም። ቆለጡ፣ እግሮቹና የዘር ፈሳሹ ይመርመሩ። በተለይ በብርቱ ትኩሳት ታሞ ከነበረ፣ አዲስ ዘር ተፈጥሮ እስኪበስል 2 ወር ያህል ስለሚፈጅ፣ ለመሸጥ ሳይቸኩሉ ከ60 ቀን በኋላ ደግመው ያስመርምሩት። ላሞች የሚያስወርዱ ከሆነ ግን ኮርማ መዋዋሱን አቁመው የውርጃ በሽታ ምርመራ ይጠይቁ፤ በሽታው ወደ ሰው ስለሚተላለፍ፣ የተጨናገፈውን ጽንስ እባክዎ ያለ ጓንት አይንኩ።