ባዛር ላይ ሶፋ ፎቶ ስታነሱ ነጭ ወረቀት አብራችሁ አንሱ

ሚሊኒየም አዳራሽ ወይም ኤግዚቢሽን ማዕከል የፈርኒቸርና የቤት ማስዋቢያ ባዛር ሲኖር ስልካችን በፎቶ ይሞላል። ቤት ገብተን ስናየው ግን የቱ ከየት እንደሆነ፣ ስፋቱ ስንት እንደሆነ፣ ቀለሙም ክሬም ይሁን ቢጫ አይለይም።

መፍትሔው ነጭ ኤ4 ወረቀት ነው። ጥቂት ይዛችሁ ሂዱ። የሻጩን ስምና የነገራችሁን ዋጋ በደማቅ እስክሪብቶ ጻፉበትና ሶፋው ላይ አስደግፋችሁ አንሱ። ወረቀቱ 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በሶፋው ርዝመት ላይ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ቆጥራችሁ ግምታዊ ልኩን ታገኛላችሁ። ፊት ለፊት ቆማችሁ አንሱ፤ ከጎን ከሆነ ልኩ ይዛባል።

ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ቀለሙ ላይ ነው። የባዛር መብራት ብዙ ጊዜ ቢጫ ይበዛበታል፤ ስልኩም በራሱ አስተካክላለሁ እያለ አንዳንዴ ያባብሰዋል። ወረቀቱ ፎቶው ላይ ቢጫ ከመሰለ ጨርቁም ላይ ያው ቢጫ ተጨምሮበታል ማለት ነው። በስልኩ የፎቶ ማስተካከያ ወረቀቱ ነጭ እስኪመስል ድረስ ቢጫነቱን ቀንሱለት፣ ጨርቁም ወደ እውነተኛ ቀለሙ ይጠጋል።

ሶፋው በኮንዶሚኒየም ደረጃ የሚወጣ ከሆነ ግን በወረቀት ግምት ቀብድ እንዳትከፍሉ። እዚያ ጥቂት ሴንቲ ሜትርም ታጣላለች፤ በሜትር ለኩ። ሥራቸው እንዳይቀዳባቸው ፎቶ የማይወዱ ዲዛይነሮችም ስላሉ አስፈቅዳችሁ አንሱ።