ጤነኛውን ዓይን ሸፍኖ ደካማውን ማንቃት፦ ለወላጆች

ሕፃን ሲወለድ ዓይኑ ክፍት ነው፤ አንጎሉ ግን ማየትን ገና አልተማረም። በአንጎል የኋላ ክፍል ባለው የእይታ ኮርቴክስ ውስጥ የነርቭ ሴሎች መገናኛዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት በብዛት ይፈጠራሉ። ከዚያ ሥራ የሚበዛበት ይጠነክራል፣ ሥራ የፈታው ይመነምናል። ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት መስመሮች ቦታ ይሻማሉ። ሁቤልና ቪዝል የተባሉ የአንጎል ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለተወሰነ ጊዜ ሰፍተው ሲከፍቱት፣ ዓይኑ ራሱ ደኅና ሆኖ ሳለ ለእሱ ምላሽ የሚሰጡ የኮርቴክስ ሴሎች በጣም ጥቂት ሆነው ተገኙ። ያደገች ድመት ላይ ግን ይህ አልደረሰም። በ1981 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ዓይነት ሥራቸው ነው።

ልጆች ላይ ይኸው ነገር፣ ማለትም አንጎል በአንዱ ዓይን ማየትን በደንብ አለመማሩ፣ አምብሊዮፒያ ይባላል። መነሻው ሸውራራነት፣ የሁለቱ ዓይኖች የመነጽር ቁጥር መለያየት ወይም አብሮ የተወለደ የዓይን ሞራ ነው። የሚያታልለው ሁለተኛው ነው፤ ዓይኑ ቀጥ ያለ ነው፣ ልጁም በአንዱ ዓይኑ ደኅና ስለሚያይ አያማርርም።

ቤት ውስጥ ለመጠርጠር፣ ልጁ የሚወደውን ነገር እያየ አንዱን ዓይን በእጃችሁ ጋርዱ፣ ከዚያ ሌላውን። ቀኙ ሲጋረድ ብቻ የሚነጫነጭና እጃችሁን የሚገፋ ከሆነ የምትጠረጥሩት ግራውን ነው። ከ4 ወር በኋላ የማይስተካከል ሸውራራነት ሐኪም ይየው። በፍላሽ ፎቶ ላይ ብሌኑ ነጭ ሆኖ ከታየ ደግሞ ቀጠሮ አታራዝሙ፤ ሞራ ወይም የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል። በአንድ ዓይን ብቻ ያለ ወፍራም ሞራ ጥሩ ውጤት የሚሰጠው በግምት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ውስጥ ሲወጣ ነው። «ትንሽ ይደግ» የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው።

መነጽር ካስፈለገ መጀመሪያ መነጽሩ ይቅደም፤ ከእንቅልፍ ውጪ ሙሉ ቀን ይደረግ። አንዳንድ ልጆች በጥቂት ወራት ውስጥ በመነጽር ብቻ ይድናሉ። መሻሻሉ ሲቆም መሸፈን ይጀመራል። ከ3 እስከ 7 ዓመት ላለ ልጅ የተለመደው መጠን ለመካከለኛ ድክመት በቀን 2 ሰዓት፣ ለከባድ 6 ሰዓት ነው።

የሚሸፈነው ደኅናው ዓይን ነው። የተንሻፈፈውን የሚሸፍኑ ወላጆች አሉ፤ ይህ ጉዳቱን ያብሳል። ፕላስተሩ ቆዳው ላይ ይለጠፍ፣ መነጽሩ ከላዩ ይደረግ። የመነጽሩ መስተዋት ላይ ብቻ ከተለጠፈ ልጁ በጎን ያጮልቃል፣ ሰዓቱም በከንቱ ያልፋል። በሰዓቱ ውስጥ ቅርብ የሚታይ ሥራ ስጡት፦ ሥዕል መቀባት፣ ፊደል መቁጠር፣ ለተለቅ ያለ ልጅ ምስር መልቀም። የሚያየው በደካማው ዓይን ስለሆነ ደረጃና መንገድ ላይ ብቻውን አይተው። ቆዳው ከቀላ ፕላስተሩን በለብ ያለ ውሃ አርሳችሁ አንሱ፤ በሚቀጥለው ቀን አቅጣጫውን ቀይራችሁ ለጥፉ።

ፕላስተር እምቢ ካለ ሐኪሙ ደኅናውን ዓይን የሚያደበዝዝ አትሮፒን ጠብታ ሊያዝ ይችላል። ለመካከለኛ ድክመት በሳምንት 2 ቀን መጨመር በየቀኑ የመጨመርን ያህል ይሠራል። ልጅ ቢጠጣው መርዝ ስለሆነ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ከጨመራችሁ በኋላም እጃችሁን ታጠቡ።

በየ2 ወይም 3 ወሩ የሁለቱም ዓይን እይታ ይለካ፤ ከመጠን በላይ የተሸፈነ ደኅና ዓይን ራሱ ሊዳከም ይችላል። ሸውራራነትን በቀዶ ሕክምና ማቅናት መልክን ያስተካክላል እንጂ የደከመውን የአንጎል መስመር አይተካም፤ ስለዚህ ከቀዶው በኋላም መሸፈን ሊቀጥል ይችላል። ከ7 ዓመት በኋላ ምላሹ ይቀንሳል፣ እስከ 12 ግን መሞከሩ ዋጋ አለው።

እይታው ሲስተካከል በቀን 6 ሰዓት የነበረውን በአንድ ጊዜ አታቋርጡ፤ መጀመሪያ ወደ 2 ሰዓት አውርዱት። ካቆሙት ልጆች ወደ ሩብ የሚጠጉት መልሶ ይደክማቸዋልና ክትትሉ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይቀጥል።