የቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) ክትባት መሥራት አለመሥራቱን እንዴት እናረጋግጣለን?

ከክትባት በኋላ የሚሞተው ዓሣ ስለቀነሰ ብቻ ክትባቱ ሠርቷል አይባልም፤ በሽታው በራሱ ጊዜ ጋብ ብሎ ሊሆን ይችላል። ማስረጃ የሚሆነው አብሮ የተያዘ ያልተከተበ ዓሣ ነው።

መጀመሪያ ገዳዩን ለዩ። ቆሮሶ ዓይኑ ሲያፈጥና እየተሽከረከረ ሲዋኝ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራል። ከባክቴሪያው ዝርያዎች አጋላክቲኤ ይሁን ኢኒኤ የሚለየው ግን ከአንጎልና ከኩላሊት በተወሰደ ናሙና፣ በላቦራቶሪ ነው። የአንዱ ክትባት ለሌላው አይሆንም። አጋላክቲኤ ራሱም ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ዋን ቢ (Ib) ለተባለው ዓይነት የተሠራው ክትባት ዋን ኤ (Ia) የተባለውን ላይመክት ይችላል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

20 ግራም ያለፉ ጤነኛ ዓሦችን 24 ሰዓት ሳትመግቡ አቆዩ፤ አንጀቱ የሞላ ዓሣ በቀላሉ ይበሳል። በዕጣ ለሁለት እኩል ክፈሏቸው። አንዱ ወገን ክትባቱን፣ ሌላው በዚያው መጠን 0.9 በመቶ ንጹሕ የጨው ውኃ ይወጋ፤ መያዙና መወጋቱ ብቻውን ዓሣ ይገድላልና። የተከተቡትን የግራ፣ ያልተከተቡትን የቀኝ ሆድ ክንፍ ጫፍ ቆርጣችሁ በአንድ ገንዳ ቀላቅሏቸው።

የዘይት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ ይጣል። ከመውጋታችሁ በፊት ቅዝቃዜው ይልቀቀው፣ በደንብም ናጡት። ዓሣው በማደንዘዣ ሲደነዝዝ በሆዱ መሐል መስመር፣ በሆድ ክንፎቹና በፊንጢጣው መካከል ውጉት፤ የመርፌው ጫፍ ወደ ዓሣው ጭንቅላት ያዘንብል። መጠኑ በመመሪያው ላይ እንደተጻፈው ነው፤ ብዙ ጊዜ 0.05 ሚሊ ሊትር። ወዲያው የጥቂት ዓሦችን ሆድ ቀድዳችሁ እዩ፦ ነጩ የክትባት ፈሳሽ አንጀቱን ከውጭ ከከበበው ልክ ነው፤ ሥጋው ውስጥ ከቀረ መርፌው አጥሯል፣ አንጀት ውስጥ ከገባ ረዝሟል። የራሳችሁን ጣት ከወጋችሁ፣ ባያምም እንኳ የክትባቱን ወረቀት ይዛችሁ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ዘይቱ ጣት ያሳጣል።

ሞቅ ባለ ውኃ ሦስት ሳምንት ያህል ጠብቁ፤ ውኃው ከቀዘቀዘ መከላከያው ዘግይቶ ይገነባል። ከዚያ በኋላ የሚሞተውን በየቀኑ በክንፉ ምልክት ለይታችሁ መዝግቡ፤ ባክቴሪያው የተገኘበትን ብቻ ቁጠሩ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ካልተከተቡት 500 ውስጥ 200 (40 በመቶ)፣ ከተከተቡት 500 ውስጥ 50 (10 በመቶ) ቢሞቱ፣ 10 ለ40 ሲካፈል 0.25 ነው፤ ከ1 ሲቀነስ 0.75፣ ማለትም 75 በመቶ። ይህም ያለ ክትባት ይሞቱ ከነበሩ 100 ዓሦች 75ቱ ድነዋል ማለት ነው። ካልተከተቡት የሞተው 5 በመቶ እንኳ ካልሞላ ግን በሽታው ክትባቱን አልፈተነውም፤ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርታችሁ ክትባት አትግዙ፣ አትተዉም።