አውቶቡሱ አመለጠኝ ወይስ አሳለፍኩት? በሁለተኛ ቋንቋ ማሰብን ስለ መልመድ

ፍራንክፈርት፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አረፈድኩ። ለአለቃዬ ከአማርኛ ቃል በቃል የገለበጥኩትን ጀርመንኛ አቀረብኩላት፤ አውቶቡሱ አምልጦኝ ነው። ሳቀች። «ከእስር ቤት ነው እንዴ ያመለጠው?» አለችኝ።

እነሱ «ኢሽ ሃበ ደን ቡስ ፈርፓስት» ነው የሚሉት፤ «አውቶቡሱን አሳለፍኩት» እንደማለት። ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ። እኛ ደግሞ ብርጭቆ ተሰበረብኝ፣ ቁልፍ ጠፋብኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ እያልን ነው ያደግነው።

ሁለተኛ ቋንቋ ሌላ ሰው አያደርግም። ግን የለመድነው አባባል አንዱ መንገድ ብቻ እንደሆነ ያሳያል። ይህን ለማየት እኔን የረዳኝ ደብተር ነው። ነጠላ ቃል አትጻፉበት። ማታ ማታ በዕለቱ የገጠማችሁን አንድ ነገር በአማርኛ ጻፉ። በማግስቱ ባለቋንቋዎቹ እንዴት እንደሚሉት ጠይቁና ከሥሩ አስፍሩ። ከዚያ የሁለቱንም ዓረፍተ ነገር ባለቤት አስምሩ። የእኔ ደብተር ላይ ከ«ራበኝ» ሥር «ረሃብ አለኝ» ይላል። «በረደኝ» ግን «ሚር ኢስት ካልት» ነው፤ «ለእኔ ብርድ ነው» እንደማለት፣ ከእኛው ብዙም አይርቅም። አውቶቡሱም ቢሆን፣ ሲናደዱ «ከአፍንጫዬ ፊት ሄደብኝ» ይላሉ። አለቃዬ ራሷ ስትል ሰምቻታለሁ! ስለዚህ «ጀርመን እንዲህ ነው የሚያስበው» ብላችሁ አትደምድሙ።

ቀጥሎ በልብ መተርጎምን ማቆም ነው። ከሰዓት ጀምሩ። «ሃልፕ አኽት» ቃል በቃል ግማሽ ስምንት ነው፤ እነሱ ግን ሰባት ተኩል ማለታቸው ነው። በእኛ ደግሞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። ይህን ሁሉ አስልቼ እስክጨርስ ሰዓቱ ያልፋል። በመጨረሻ ቁጥሩን ትቼ ከሥራዬ ጋር አሰርኩት። ሃልፕ አኽት ማለት መስኮቱ አጠገብ ለሚቀመጡት አዛውንት ቡና የማቀርብበት ሰዓት ነው። በሁለት ወር ውስጥ ስሌቱ ቀረ። (ሰዋስው ላይ ብዙ አልቆይም። «ቫይል»፣ ማለትም «ምክንያቱም»፣ ሲገባ ግሱ እንደ አማርኛ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። የክፍል ጓደኞቼ ሲማረሩ እኔ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።)

ከዚያ የገንዘብ ውሳኔ። እ.ኤ.አ. በ2012 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ቦአዝ ኬይሳርና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አሳተሙ። ያው ምርጫ አንዴ «ይህን ያህል ሰው ይድናል»፣ አንዴ «ይህን ያህል ሰው ይሞታል» ተብሎ ሲቀርብ፣ ሰዎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መልሳቸው እንደ አባባሉ ይቀያየር ነበር። በተማሩት ቋንቋ ሲጠየቁ ግን አባባሉ ያን ያህል አላወዛወዛቸውም። እኔ ይህን ለስልክ ውል ተጠቀምኩበት። ሻጩ ዛሬ ካልፈረምሽ ሲለኝ፣ ወደ አማርኛ ከመለስኩት «ያመልጥሻል» ይሆንና ልቤ ይደነግጣል። በጀርመንኛ ከቆየሁ የ24 ወር ውል ነው፣ በቃ። ዋጋውን በ24 አባዝቼ ተሰናበትኩት።

የልብ ጉዳይ ላይ ግን ይህን አትሞክሩ። «ኤንትሹልዲጉንግ» ትራም ላይ በቀን ሃያ ጊዜ እላለሁ፤ አይከብደኝም። እህቴን አስቀይሜያት «ይቅርታ» ለማለት ግን ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። እንዲከብድ ተውት።

ደግሞ ሳታስቡት ወደ ኋላም ይመጣባችኋል። ባለፈው ሳምንት ለዚህችው እህቴ በስልክ «ቁልፌን ጣልኩት» አልኳት።

«ምነው፣ ምን አደረገሽ?» አለች።