በ41 ዓመቴ ለአይልትስ የተለማመድኩት እንዲህ ነው

አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና መጀመሪያ ስፈተን 41 ዓመቴ ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ሆስፒታል ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ተረኛ ነኝ። ለማስተርስ ያመለከትኩበት ዩኒቨርሲቲ የጠየቀኝ አጠቃላይ 6.5 ሲሆን በየትኛውም ክፍል ከ6 እንዳይወርድ ብሏል። "እንግሊዝኛማ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማርኩበት ነው" ብዬ ሦስት ሳምንት ብቻ አንብቤ ገባሁ። ማዳመጥ 6፣ ንባብ 6.5፣ ጽሑፍ 5.5፣ ንግግር 6.5 መጣልኝ።

ተደምሮ ለአራት ሲካፈል 6.125 ነው። ይሄ ወደ 6 ይወርዳል። ጽሑፉ ላይ ግማሽ ነጥብ ብቻ ብጨምር ኖሮ 6.25 ይሆን ነበር፤ 6.25 ደግሞ ወደ 6.5 ይጠጋጋል። የከፈልኩት ከወር ደሞዜ በላይ ነው። ያን ቀን ለባለቤቴ ውጤቱን ያሳየሁት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ ደግሜ ተፈተንኩና 7 አመጣሁ። እውነቱን ለመናገር በአምስት ወር ውስጥ እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አልተለወጠም። የተለወጠው አለማመዴ ነው። እሱን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት የትኛውን ፈተና እንደሚፈልጉ የምትሄዱበትን ቦታ ጠይቁ። አይልትስ አካዳሚክና ጄኔራል የሚባሉ ሁለት ዓይነት አለው። ለዩኒቨርሲቲ ብዙውን ጊዜ አካዳሚክ ነው፤ ለካናዳ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ጄኔራሉ። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ስለሆነ ማመልከቻችሁ ሳይደርስ አትቸኩሉ።

ከዚያ ራሳችሁን መርምሩ። ሰው ሳይመረመር መድኃኒት አይታዘዝለትም። ብሪቲሽ ካውንስልና አይዲፒ ድረ ገጻቸው ላይ ነፃ የመለማመጃ ፈተና አላቸው፤ ፈተናውን ከካምብሪጅ ጋር ሆነው የሚያዘጋጁት እነሱው ናቸው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ብዙ አትመኑ፤ መልሱ ራሱ የተሳሳተ አጋጥሞኛል። አንድ እሁድ ጠዋት ልጆቹን አያታቸው ጋ ላኩና ማዳመጥ፣ ንባብና ጽሑፍን በአንድ ቁጭታ ሥሩ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ስልክ ይጠፋል፤ ቡና የለም። እኔ በመጀመሪያው እሁድ የንባቡ ሦስተኛ ጽሑፍ ላይ ስደርስ እንቅልፌ መጥቶ ነበር። ያም ራሱ የምርመራ ውጤት ነው።

አሁን ደብተር ግዙ። ላብራቶሪ ውስጥ ለእያንዳንዱ ስህተት መዝገብ አለን። እኔም ለእንግሊዝኛዬ አንድ ከፈትኩ። አምስት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ጥያቄው፣ የመለስኩት፣ ትክክለኛው፣ ለምን። ወርቁ ያለው የመጨረሻው ዓምድ ላይ ነው። ቃሉን አላወቅኩትም? ቸኮልኩ? መመሪያውን ሳላነብ ጀመርኩ? ስፔሊንግ ነው? በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ አሳፈረኝ። ማዳመጥ ላይ የምስተው ስላልሰማሁ አልነበረም። ሰምቼ አጥፍቼ ስለምጽፍ ነበር።

አንዱ ጥፋት ብዙ ቁጥር የምታሳየዋ "ኤስ" ናት። በአማርኛ "ሦስት ብር"፣ "አምስት ልጅ" እንላለን፤ ቁጥሩ ካለ ብዙ መሆኑ ታውቋል፣ ሌላ ነገር አንጨምርም። እንግሊዝኛ ግን ኤሷን ይፈልጋል። እሷን ከረሳችሁ መልሱ ስህተት ነው፤ ግማሽ ነጥብ የሚባል የለም። ሌላው ጥፋት ሰዓት ነው። ቴፑ "ሃፍ ፓስት ናይን" ሲል ጭንቅላቴ "ሦስት ሰዓት ተኩል" ብሎ ይተረጉማል፣ እጄም 3፡30 ብሎ ቁጭ! ይሄን ለማስተካከል ለአምስት ወር ከልጄ ጋር ሰዓት የምንጠያየቀው በፈረንጅ ብቻ ነበር። እሷ ከእኔ ቀድማ ለመደችው። ሦስተኛው ፊደል መቁጠር ነው። "ኢ" ሲሉ የትኛው ፊደል ነው፣ "አይ" ሲሉስ? "ጂ" እና "ጄ"? ስልክ ቁጥር ላይ ዜሮን "ኦ" ይሏታል፤ ሁለት ሰባት ተከታትሎ ሲመጣ "ደብል ሰቨን" ነው። የበሽተኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስመዘግብ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እየቆጠርኩ ነበር የምጽፈው። ባልደረቦቼ ዳዊት የምደግም መስሏቸው ነበር።

ፈተናው ላይ ድምፁን የምትሰሙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስትለማመዱም መልሳችሁ አታጫውቱ። ፈተናውን ጨርሳችሁ ካረማችሁ በኋላ ግን የፈለጋችሁትን ያህል ስሙ። ጽሑፉ አብሮ ያለው አጭር ነገር ፈልጉ፤ ቢቢሲ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የሚያዘጋጃቸው የስድስት ደቂቃ ፕሮግራሞች ለእኔ ልክ ሆኑልኝ። አንዴ ያለ ጽሑፍ፣ አንዴ ጽሑፉን እያያችሁ፣ አንዴ ደግሞ ከተናጋሪው ጋር አብራችሁ እያላችሁ። ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። መብራትና ኔትወርክ የእናንተን ፕሮግራም አያውቁም።

ንባብ 60 ደቂቃ፣ ሦስት ጽሑፍ፣ 40 ጥያቄ ነው። ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ ይከብዳል፤ ስለዚህ 20፣ 20፣ 20 ብዬ ከመከፋፈል 17፣ 20፣ 23 አድርጌዋለሁ። መልሱ ያልመጣላችሁን ገምታችሁ ሙሉ፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት "ትሩ፣ ፎልስ፣ ኖት ጊቨን" የሚለው ነው። እኔም ለወራት ፎልስንና ኖት ጊቨንን ሳምታታ ቆየሁ። አንድ ሌሊት የወባ ውጤት እየጻፍኩ ሳለ በራልኝ። ፎልስ ማለት "ኔጌቲቭ" ነው፦ ናሙናው ታይቷል፣ ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ኖት ጊቨን ማለት ደግሞ "አልተመረመረም" ነው፦ ሐኪሙ አላዘዘውም፣ እኛም አላየነውም። ያልተመረመረን ሰው ኔጌቲቭ ብሎ የሚጽፍ ባለሙያ ከሥራ ይባረራል። ጽሑፉ "ፋብሪካው የተከፈተው በ1890 ነው" ካለና ጥያቄው "በ1910 ተከፈተ" ቢል ፎልስ ነው። ጥያቄው "ፋብሪካው ትርፋማ ነበር" ቢል፣ ጽሑፉም ስለ ትርፍ ምንም ካላለ፣ ኖት ጊቨን ነው። እናንተ በእውቀታችሁ ትርፋማ እንደነበር ብታውቁም ያው ነው። እኛ ትልልቅ ሰዎች እዚህ ላይ የምንሳሳተው ብዙ ስለምናውቅ ነው፤ ጽሑፉ ያላለውን እንሞላለታለን።

ወደ ጽሑፍ እንምጣ፤ እኔን የጣለኝ እሱ ነው። 60 ደቂቃ አላችሁ። የመጀመሪያው ሥራ በአካዳሚኩ ቻርትን በጽሑፍ መግለጽ ነው፣ ቢያንስ 150 ቃል፤ ሁለተኛው ድርሰት ነው፣ ቢያንስ 250 ቃል። የሁለተኛው ክብደት የመጀመሪያው እጥፍ ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስፈተን ቻርቱ ላይ 35 ደቂቃ ፈጀሁ። ቻርት የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ያለውን ቁጥር በሙሉ ዘረዘርኩት። ለዋናው ድርሰት 25 ደቂቃ ቀረኝ፤ መደምደሚያውም ሳይጻፍ ሰዓቱ አለቀ።

ስህተቱ የገባኝ በኋላ ነው። የደም ምርመራ ማሽናችን በአንድ ወረቀት ላይ ወደ ሃያ የሚጠጋ ቁጥር ያትማል። ለሐኪሙ ስልክ ስንደውል ሃያውንም አናነብለትም። "ዶክተር፣ ሄሞግሎቢኑ በጣም ወርዷል፣ ነጭ ሴሉ ከፍ ብሏል፣ ሌላው ደህና ነው" እንለዋለን። የአይልትስ ቻርትም የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ትልቁ ምንድን ነው? ምን ወጣ? ምን ወረደ? ማን ከማን ተላለፈ? አጠቃላዩን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ፣ ከዚያ የተመረጡ ቁጥሮችን ጨምሩ። 20 ደቂቃው ሲያልቅ በግማሽም ቢሆን ትታችሁ ወደ ሁለተኛው እለፉ።

ለድርሰቱ መጀመሪያ አንድ ማሠልጠኛ ቤት ገብቼ ነበር። የሰጡን የተዘጋጀ አንቀጽ ነው፤ ርዕሱን ብቻ እየቀየሩ መገልበጥ። ሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት መግቢያ ይሸመድዳል። ፈታኞች በቃል የተያዘን ነገር ወዲያው ያውቁታል፣ ነጥብም ያስጥላል። ገንዘቤን አቃጠልኩ።

የጠቀሙኝ ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። በሳምንት ሁለት ድርሰት እወስድላቸዋለሁ። የመጀመሪያውን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዓረፍተ ነገር መቼ ነው የሚተነፍሰው?" አሉኝ። ስድስት መስመር ነበር። በአማርኛ "ሄዶ፣ አይቶ፣ ገዝቶ፣ ተመልሶ" እያልን መቀጠል እንችላለን፣ ግሱ መጨረሻ ላይ መጥቶ ይሰበስበዋል። በእንግሊዝኛ ያ ሁሉ በ"ኤንድ" ተቀጣጥሎ ባቡር ይሆናል። "ይቁረጡት ጋሼ" ብዬ ልቀልድባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ቀድመው በእርሳስ ቆራርጠውታል።

ሌላም አሳዩኝ። "ምንም እንኳን ዝናብ ቢዘንብም፣ ነገር ግን ሄድኩ" ማለት በአማርኛ ጆሮ አይቆረቁርም። በእንግሊዝኛ "ኦልዞው" ካላችሁ "በት" አትጨምሩም፤ አንዱ ይበቃል። ሬዲዮም በእንግሊዝኛ አይከፈትም፣ አይዘጋም፤ ግሱ ሌላ ነው። እንደዚህ ዓይነት ከአማርኛ የተዋስኳቸውን ለብቻ አንድ ገጽ ላይ ሰበሰብኳቸው። አሥራ አራት ሆኑ። ድርሰት በጨረስኩ ቁጥር እነዚያን አሥራ አራት ብቻ እየፈለግኩ አርም ነበር።

ከሁሉ የጠቀመኝ ምክራቸው ግን ይሄ ነው፦ አዲስ ድርሰት ከመጻፌ በፊት የታረመውን እንደገና እንድጽፈው አደረጉኝ። ወረቀቱን ሳላይ፣ በ40 ደቂቃ። አሰልቺ ነው። ያለቀስኩበት ቀን አለ። ነገር ግን 20 አዲስ ድርሰት ጽፎ 20 ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ከመሥራት ስምንት ጽፎ ስምንቱን መድገም ይሻላል። በኮምፒውተር የምትፈተኑ ከሆነ ደግሞ ልምምዱም በኪቦርድ ይሁን። እኔ ስልክ ላይ በአውራ ጣት ፈጣን ነኝ፤ ኪቦርድ ላይ ግን ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ነበርኩ። ከሥራ መልስ ኢንተርኔት ቤት እየገባሁ ነው ጣቴን ያፍታታሁት።

ንግግሩ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። መሀል ላይ ርዕስ የተጻፈበት ካርድ ይሰጣችኋል፤ አንድ ደቂቃ ታስባላችሁ፣ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻችሁን ታወራላችሁ። ሁለት ደቂቃ አጭር ይመስላል። ሞክሩት እስቲ። እኔ የተለማመድኩት ደም ከሚያዞረው ማሽን፣ ከሴንትሪፊውጁ ጋር ነው። ሌሊት ላይ የደም ናሙና አስገብቼ ለአምስት ደቂቃ ሳዞረው ሌላ ሥራ ከሌለኝ ካርድ እመዛለሁ። አንድ ደቂቃ ማሰብ፣ ሁለት ደቂቃ ማውራት፣ በቀረው የቀዳሁትን ድምፄን መስማት። የራስን ድምፅ መስማት ያሳፍራል። ግን "ዩ ኖው" በሁለት ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ እንደምል ያወቅኩት በዚያ ነው።

የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይሉኝታ ይጎዳዋል። "ምግብ ማብሰል ትወጃለሽ?" ሲሉን "የስ" ብለን ዝም። ጨዋነት ይመስለናል። ፈታኙ ግን የሚለካው የምትናገሩትን ነው፤ ዝም ካላችሁ ምን ይለካ? ለምን፣ መቼ፣ ከማን ጋር የሚለውን ጨምሩ። የግድ እውነት መሆን የለበትም፤ እኔ በሕይወቴ ዋኝቼ አላውቅም፣ ፈተናው ላይ ግን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት ብዬ ዋኘሁ። ጥያቄው ካልገባችሁ እንዲደግሙላችሁ መጠየቅ ነውር የለውም። ፈታኙ መሀል ላይ ካቋረጣችሁ አትከፉ፤ ሰዓቱ ስላለቀ ነው። እኔ የመጀመሪያው ጊዜ ተዋረድኩ ብዬ የቀረውን ክፍል በኩርፊያ ነው የመለስኩት።

ስለ ፕሮግራም ብዙ አልልም። በሳምንት አምስት ቀን 45 ደቂቃ፣ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ሙሉ ፈተና። ልጅ የታመመበት፣ እንግዳ የመጣበት ሳምንት ነበር፤ እሱ አለፈኝ። ያለፈኝን ለማካካስ በአንድ ቀን አራት ሰዓት መቀመጥ ግን አልሠራልኝም።

ስትመዘገቡ ስማችሁን ልክ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ፣ የአያት ስም ጭምር። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ከሆነ በዋዜማው አዲስ አበባ ግቡ። እኔ ሁለተኛውን ጊዜ አክስቴ ቤት አደርኩ፤ ማታ መጽሐፍ እንዳላወጣ ከልክላኝ ሽሮ ሠርታ አበላችኝና በጊዜ አስተኛችኝ። ማዳመጥ 7፣ ንባብ 6.5፣ ጽሑፍ 6.5፣ ንግግር 7።

ደብተሩን አሁን የሌሊት ተረኛ ባልደረባዬ ወስዳዋለች። ባለፈው ሳምንት ሥራ ስረከባት ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አየሁት። "ለምን" የሚለውን ዓምድ ባዶ ትታዋለች። ተቆጥቻታለሁ።